ለአንድ ጉንፋን አምስት መድኃኒት

ለተከበሩ ዶክተር፣ የ«አብሮነት» መረዳጃ ማኅበር የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ የደም ግፊትዎም እንደ እናቴ ሁለት መቶ አሥር እንዳይገባ ከልብ እመኛለሁ።

ህይወት እባላለሁ፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። አስፐን ሂል አብራኝ የምትኖረው እናቴ ወይዘሮ ትብለጥ ሰባ አራት ዓመቷ ሲሆን የደም ግፊት አለባት። ይህን ማኅበርዎ ያውቃል፤ በአባልነት ፎርሙ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ኮሚቴዎ በዚህ ክረምት «ለጉንፋን በየቤቱ ሊኖሩ የሚገባቸው አምስት መሠረታዊ መድኃኒቶች» የሚል፣ ፎቶግራፍዎና ማዕረግዎ ከላይ የደመቀበት ወረቀት ስላደለን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። የቀን እንክብል፣ የማታ ሽሮፕ፣ የትኩሳት ክኒን፣ የተደፈነ አፍንጫ የሚከፍት ክኒን፣ የሳል ሽሮፕ፦ ምንም አልነፈጉንም። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይወሰድ፣ ለማን እንደማይሆን የሚገልጽ አንዲት መስመር ግን ቦታ አላገኘችም፤ ፎቶግራፍዎ ትልቅ ነበር።

እናቴን ማክሰኞ ዕለት ጉንፋን ያዛት። ጉሮሮዋን ከረከራት፣ አፍንጫዋ ተደፈነ፤ ሌላ ምንም አልነበራትም። ወረቀትዎን ይዛ ፋርማሲ ሄደች፤ ዶክተር የመረጠው ነውና አምስቱንም ገዝታ ለሦስት ቀን ወሰደች። አርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ ኮል አደረገችኝ።

«ልጄ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ነው። ራሴን ይፈልጠኛል፤ ያስመልሰኛልም።»

«እማዬ፣ ምን ወሰድሽ?»

«በወረቀቱ ያለውን ሁሉ። አንዱንም አልዘለልኩም» አለችኝ፣ በኩራት።

አምቡላንስ ጠራሁላት። ሆስፒታል ስደርስ የአገራችን ልጅ የሆነችው ፋርማሲስት ሲሐም ከእናቴ ቦርሳ የወጡትን ፓኮዎች ደርድራ በጀርባቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። «ፓራሲታሞል እዚህ አለ፤ እዚህም አለ፤ እዚህም። ሦስቱ በስም ይለያያሉ እንጂ በውስጣቸው ያለው አንድ ነው። ጉበቷን የጎዳው እሱ ነው። አፍንጫ የሚከፍተው ደግሞ ግፊቷን ሰቅሎታል» አለች። እናቴ በጉሉኮስ መርዝ ማርከሻ እየተሰጣት አራት ቀን ተኛች። በጉንፋን፣ ክቡር ሆይ! በሙቅ ውኃና በዕረፍት ሊለቃት በሚችል ጉንፋን!

፪. ስለ መስተንግዶዎም አመሰግናለሁ። ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ፣ «እህቴ፣ ይኑራችሁ አልን እንጂ ውሰዱ አላልንም» አሉኝ። ይህን ረቂቅ ልዩነት እናቴ አለመገንዘቧ ያሳዝናል፤ መድኃኒት የሚገዛው ለመደርደሪያ ጌጥ መሆኑን እስከዚያ ቀን እኔም አላወቅሁም ነበር። «ወረቀቱን ያየው የሕክምና ባለሙያ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅም «እኔ ራሴ ዶክተር አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። ነዎት፤ በእርሻ ኢኮኖሚክስ። ስንዴ ጉንፋን በያዘው ጊዜ ወደ ሌላ ሰው አልሄድም።

፫. ይቅርታ አልጠየቁኝም። ለዚህ ምስጋና የለኝም።

ወረቀትዎ ግን ዛሬም ከሎረል እስከ አናንዴል እየታደለ ስለሆነ፣ እኔና ሲሐም የራሳችንን አዘጋጅተናል። ፎቶግራፍ የለውም። «ከመግዛታችሁ በፊት በውስጡ ያለውን አንብቡ፤ አንድን መድኃኒት በሁለት ስም አትውሰዱ፤ ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ካለባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ» ይላል። በማኅበሩ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ጸሐፊዎ ነቀሉት። ደግሜ ለጠፍኩት፤ ደግመው ነቀሉት። ባለፈው እሑድ ግን አሥራ ሁለት አረጋውያን ቅጂውን ከእጄ ተቀብለው፣ በየቤታቸው ያለውን መድኃኒት በፌስታል ይዘው መጥተው ሲሐም አንድ በአንድ አየችላቸው። የአራቱ ፌስታል እንደ እናቴ ቦርሳ ነበር። ሊነቅሉት የማይችሉት ይህን ነው።

ወረቀትዎን እስኪሰበስቡ ድረስ በየሳምንቱ በርዎ ላይ የምገኝ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ያህል ብቻ የማከብርዎ፣

ህይወት
የወይዘሮ ትብለጥ ልጅ

ማስታወሻ፦ ስምዎን ሙሉውን ጽፌው ነበር። እናቴ ዓይኗ ገና ቢጫ እንደሆነ አስነብባኝ «አጥፊው፤ ልጆች አሉት፣ ያፍራሉ» አለችኝ። አጠፋሁት። ከኮሚቴዎ ውስጥ ለእሷ ይህን ያህል ያሰበላት ሰው ካለ እባክዎ ስሙን ይላኩልኝ።