አንድ ፊርማ የቀረው ክለብ

ላሊበላ፣ ማክሰኞ

ውድ ሙሐዲን፣

ስልክህ ላይ እንደዘጋኸኝ አውቃለሁ። ጥሩ አድርገሃል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ ቢበዛ ይቀደዳል። ስለዚህ ይህን ወደ ወልድያ ለሚወርድ ሹፌር ሰጥቼ፣ ባጃጅህን ከምታቆምበት ተራ ድረስ እንዲያደርስልህ አስምዬዋለሁ። የጻፍኩልህ አንተ ለምትጠረጥረው ጉዳይ አይደለምና ከመቅደድህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው።

ክለባችን ሊሞት ነው። ሮሃ ኮከብ በየዓመቱ “ሊሞት ነው” ሲባል ስለኖረ ወሬው እንደማያስደነግጥህ እገምታለሁ። ያሁኑ ግን ቀን ተቆርጦለታል። በተጫዋች ደመወዝ የተከሰሰ ክለብ ክሱን እስከ ዓርብ ካልጨረሰ አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ ይፈርሳል፤ ከፈረሰም ያለችው አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ተሸጣ ለከሳሹ ይከፈላል። አምስት ከሳሾች ነበራችሁ። አራቱ “ትተነዋል” ብለው ፈርመዋል። የቀረኸው አንተና የሰባት ወር ደመወዝህ ናችሁ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ታውቃለህ። ክለቡን የሚያበላው ሆቴሉ ነበር፤ ሆቴሉን የሚያበላው ፈረንጁ። ፈረንጁ ከጦርነቱ ወዲህ ቀረ። ሆቴሎቹ አሁንም አንሶላ እየቀየሩ ይጠብቁታል። አሠልጣኛችን በገዛ ገንዘቡ የገዛውን የጎል መረብ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ ኮን ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኳሱ ጎል መግባት አለመግባቱን የምንወስነው በድምፅ ብልጫ ነው።

በመጀመሪያ የሄድነው ለቀብር ወደምናዋጣበት ቅሬያችን ነበር። “አበድሩን” አልናቸው። የቅሬው ዳኛ ደንቡን አውጥተው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት።

“ለታመመ አይልም። ለሞተ ነው የሚለው” አሉ።

“ሊሞት እኮ ነው፣ ጋሼ” አለ ደግሰው፤ አሁን የደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢ እሱ ነው።

“እንግዲያው ሲሞት ኑ። ድንኳኑንም እንሰጣችኋለን።”

ሰውየው አልቀለዱም። እንዲያውም ስንወጣ “እግዜር ያጽናችሁ” ብለውናል።

መንገድ ላይ ደግሰው፣ “ሽማግሌ እንላክ” አለ።

“ወደ ሙሐዲን?”

“ሙሐዲንማ እምቢ ይላል። ወደ እናቱ።”

እዚህ ላይ ብልሃታችንን እንድታደንቅ እፈልጋለሁ። ክሱ ያንተ፣ ደመወዙ ያንተ፣ ጉልበቱም የተበላሸው ያንተ ነው። እኛ ግን ሽማግሌ የላክነው ጋሸና ወዳሉት እናትህ ነው። አንተ እናትህ የገቡትን ቃል እንደማታፈርስ አሥራ አንድ ዓመት አብረንህ ስለኖርን እናውቃለን። ወዳጅነት ለካ ለዚህም ይጠቅማል።

ከቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ቃለሕይወት፣ ከመስጊድ ሼህ አባስ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እኔ ተመረጥን። ሁለቱ አባቶች የተመረጡት እምቢ እንዳይባሉ ነው። እኔ የተመረጥኩት ወረቀት ስለምጽፍ ነው።

እናትህ በር ላይ ተቀበሉን። “መርሐባ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ” አሉ።

“አንቀመጥም፣ እመት ኸዲጃ” አሉ መሪጌታ። “የመጣንበትን ሳይሰጡን አንቀመጥም።”

“የመጣችሁበትን ሳላውቅ ምኑን ልስጥ?”

“እሰጣለሁ ይበሉንና እንነግርዎታለን።”

“ሼህ አባስ፣ እርስዎም አይቀመጡም?”

“እኔም ቆሜያለሁ፣ እህቴ” አሉ ሼሁ፤ ዓይናቸው ግን ምንጣፉ ላይ ነበር።

ቆምን። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። የመሪጌታ ጉልበት እንደሚያማቸው ታውቃለህ፤ በመጨረሻ እናትህን ያሸነፋቸው እሱ ይመስለኛል። “አተነፋፈስዎ ደስ አይልም፣ መሪጌታ። እሺ፣ ሰጥቻለሁ፤ ይቀመጡልኝ” አሉ። ተቀመጥን፤ ነገርናቸው።

“የልጄን ላብ ነው የጠየቃችሁኝ?”

“የልጅዎን ነው” አሉ መሪጌታ።

“ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ምላስ አንድ ናት።”

እኔ ማመስገን ይገባኛል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ሳልጨርስ ፊታቸውን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ባዶው ግድግዳ አዞሩና፣ “አንተን አውቅሃለሁ። የድምፅ ማጉያው ነህ” አሉኝ።

ነኝ። ያን ቀን እናትህ ሜዳ እንደነበሩ አላወቅሁም ነበር። አንተ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመህ “ካልተከፈለኝ አልጫወትም” ስትል፣ እኔ ማጉያውን አንሥቼ፣

“የሮሃ ልጅ ባዶ ሆዱን ይጫወታል፣
የጋሸና ነጋዴ ሒሳብ ያሰላል”

አልኩ። ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለኝ። ግጥሙ ቤት ይመታል፤ ያጠፋኝም ይኸው ነው። ሙሐዲን፣ እኔ ደመወዜ ሦስት ቀን ሲዘገይ ለርእሰ መምህሩ በሁለት ቅጂ ማመልከቻ የማስገባ ሰው ነኝ። አንተ ሰባት ወር ታግሠህ አንድ ቀን ብትጠይቅ በአራት መቶ ሰው አዘፈንኩብህ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያለ አንተ ተጫወትን፤ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ለእሱም ያማነው አንተን ነው።

እናትህ የተናገሩት ይኸው ብቻ ነው። ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም ብለው ለሦስታችንም ከሚሸጡት ምስር በፌስታል በፌስታል ቋጥረው ሸኙን። ደግሰው ወሬውን ስልክ ላይ ሲሰማ በደስታ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ማታ ባለቤቴ ዘነቡ ምስሩን ልትለቅም ሰፌድ ላይ አፈሰሰችው። ጥቂት ቆይታ ጠራችኝ።

“አንተ፣ ይቺን ሴትዮ ምን አድርጋችኋት ነው?”

“ምን አደረግናቸው?”

“በድንጋይ ነው እኮ የሸኘቻችሁ።”

አየሁት። ጠጠር፣ እንክርዳድ፣ የአፈር ጓል፣ በመካከሉ ምስር። የእናትህን ምስር ድፍን ጋሸና የሚገዛው ድንጋይ ስለማይገኝበት ነው። ዘነቡ እንደ ቂም ቆጥራው ስቃለች። እኔ ግን ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ፊት ትዝ አለኝ። በማግስቱ የእህትህን የሀፊዛን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ።

“የዓይን ሞራ ነው” አለችኝ። “ሁለቱንም ዓይን። ደሴ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት፤ ሁለቴ ተላለፈ። ሙሐዲን ክሱ ሲወሰን እወስዳታለሁ እያለ ነበር። እሷ ለሰው አትናገርም፤ ገበያው ይሸሸኛል ትላለች። አሁንማ ቃል ገብታለች። እሱም ይፈርማል። አብሽር፣ ጋሼ የሻው፣ ክለባችሁ አይሞትም።”

“አብሽር” ያለችኝ ልታጽናናኝ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ለደግሰው ነገርኩት። “ዓይን እኮ ሌላ ጊዜም ይታከማል፤ ምዝገባው ግን ዓርብ ያበቃል” አለኝ። ደግሰው ክፉ ሰው አይደለም። እኔም ያን ቀን ማጉያውን ስጨብጥ ክፉ ሰው አልነበርኩም።

ለሽማግሌ የተገባ ቃል የሚፈታው ቃሉን በተቀበሉት ሽማግሌዎች ነው። ስለዚህ ትናንት ሁለቱን አባቶች ቅጥር ጥግ አስቀምጬ ለመንኳቸው። መሪጌታ ደነገጡ።

“እኔ ቃል ለመቀበል እንጂ ቃል ለመመለስ ሄጄ አላውቅም” አሉ። “እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ?”

“እኔ ገና ደጁ ላይ ስንቆም ነው ያፈርኩት” አሉ ሼህ አባስ።

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው።

“አንተስ ለምን ዘፈንክ?”

መሪጌታ መቋሚያቸውን አገላበጡ። ሃያ ዓመት፣ ጾም ሲሆን እንኳ፣ ከዚያ ሜዳ ዳር ያልጠፉ ሰው ናቸው። “ካልፈረመ ክለቡ ዓርብ አበቃለት ማለት ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ፣ መሪጌታ።”

“እንግዲያው ኀሙስ እንሂድ” አሉ። ሲነሡ ክንዳቸውን ይዤ ነው ያስነሣኋቸው።

ኀሙስ ጠዋት ጋሸና እንሆናለን። “ቃልዎን መልሰንልዎታል” እንላቸዋለን። አንተ አትምጣ፤ ሥራህን አትፍታ። እንድትፈርምበት የጻፍኩት ወረቀት እዚህ ፖስታ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ አላስገባሁትም። ደግሰው ሌላ ጽፎ፣ ሌላ ሽማግሌ ሰብስቦ ሊመጣብህ ይችላል። እንዲቆሙ ተዋቸው። አትፈርም። ሚኒባሷ ትሸጥ፤ ሞተሯ ገና ነው፣ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች። ሀፊዛ ሦስተኛውን ቀጠሮ ታስይዝ።

ዓርብ ማታ እዚህ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ግን አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያንን ተዳፋት ሜዳ እወደው ነበር፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ቢቻል ክለቡም የእናትህ ዓይንም ቢተርፉ እያልኩ ነው። አይቻልም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። እኛ እምቢ እንዳንባል እንዴት አድርገን እንደምንለምን ከእናትህ ቤት አይቼ መጥቻለሁ፤ አንተ ላይ አልደግመውም። ይቅር የምትለኝ ከሆነ ሳልጠይቅህ በለኝ፤ ካላልከኝም ስልኩን እንደዘጋኸው ተወው።

ወዳጅህ የነበረው፣
የሻው