የአፋር ሕፃናት እድገት መዛኝ ሲስተር ይርገዱ ተገኘ (1961–2018 ዓ.ም.)

መጋቢት 11 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የድሬዳዋው ባቡር አዋሽ ሰባት ጣቢያ ሲገባ፣ ሲስተር ይርገዱ ከሐዲድ ሠራተኛው ከአቶ ተገኘና ከወይዘሮ አስረሳች ተወለዱ። አባታቸው ባቡሩን ሳያሳልፉ ቤት መግባት አልቻሉምና ልጃቸውን ያዩት አመሻሽ ላይ ነው። ሲስተር ይርገዱ አፋርኛን የተማሩት ጣቢያው ላይ ወተት ከሚሸጡ እናቶች ልጆች ጋር ሲጫወቱ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በአዋሽ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ከጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ከአቶ ባንተይርጋ ጋር ተጋብተው ትግሉንና ደራርቱን ወለዱ። በ2003 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ሰመራ ገቡ።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራቸው የትንንሽ ልጆችን እድገት መመዘን ሆነ። ልጁ በዕድሜው ይቀመጣል? ይቆማል? ሲጠሩት ይዞራል? ጥያቄዎቹ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚመልሱት እናቶች ናቸው። በሰርዶ አቅራቢያ ሐቢባ የምትባል ወጣት እናት ለእያንዳንዱ ጥያቄ «አዎ» ብላ መለሰች፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጇ ሙኒያም ደህና ተብላ ተመዘገበች። ሲስተር ይርገዱ ግን የከባድ መኪና ክላክስ ሲጮህ ልጅቷ ቀና እንኳ አለማለቷን አይተው ነበር።

አብረዋቸው የመጡት የምዘናው ቡድን አስተባባሪ ምዘናው አልቋልና እንሂድ አሉ። ሲስተር ይርገዱ ግን ተመልሰው ከሐቢባ ጋር ተቀመጡ። በአፋር ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ታመመው ሰው ይጠያየቃል። አስተባባሪው ከመኪናው ሆነው፣ የመጣነው ልጅ ልንመዝን ነው ወይስ ወሬ ልንቃርም እያሉ ተነጫነጩ። ዳጉው ሲያልቅ ሐቢባ ማንም ሳይጠይቃት ልጅቷ ስትጠራ እንደማትዞር ተናገረች።

ሲስተር ይርገዱ ወደ መኪናው ሄደው፣ «ዳጉ ሳንጨርስ ስለጠየቅናት፣ እንግዳ ላለማሳፈር ብላ አዎ አለችን። የመዘንነው ይሉኝታዋን ነው፤ ልጅቷን አይደለም» አሉ። ሙኒያ ተመርምራ መስማት እንደማትችል ታወቀ፤ እናቷም በእጅ ምልክት ታነጋግራት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር፣ ጥያቄዎቹ ሳይነኩ ዳጉ ከምዘናው እንዲቀድም ዓመታት ተከራከሩ። ቀን ይባክናል ሲሏቸው ጎህ ሲቀድ ይወጡ ነበር። ስብሰባ ላይ ይቀመጡ ቢባሉ ሐሳባቸውን ቆመው ይጨርሱ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ተፈቀደላቸው።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አረፉ። ሕፃናትን የሚወድ ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን።

ባረፉበት ዕለት ሎጊያ ላይ ሥልጠና የጀመሩት አዲስ መዛኞች አንድም ልጅ አልመዘኑም፤ ዳጉ ሲለማመዱ ዋሉ።