ስድስቱን ምን አደረግሻቸው?

ሰኞ

ዛሬም ጠፉ። ወይዘሮ ይታይሽ ለገና ከሙጃ የሚመጡባቸውን ሰባት እንግዶች በስልካቸው መዘገቡ፤ «ላክ» የሚለውን ሲነኩ አንዱ ብቻ ቀረ። ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስድስቱን ምን አደረግሻቸው?» አሉኝ፣ መንገድ ላይ የጣልኳቸው ይመስል። ማን ማንን እንደሚያሳድር የሚመዘገብበትን ይህን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አመሉ ግን አስቸገረኝ። «እንግዳ ጨምር» ሲባል አዲስ ሣጥን ይከፍታል፣ ሲላክ የከፈተውን ይረሳል። የገና እንግዶችን የሚያስተናግደው ኮሚቴ፣ ገጹ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ ደብተር እንመለሳለን ብሏል። ወር ሙሉ ለፍቼ! ደብተሩን የሚይዙት አቶ ደምሌ ከወዲሁ አዲስ እስክሪብቶ ገዝተዋል።

ማክሰኞ

ሣጥኖቹ ተመለሱ። ባዶ። ሰባት ሣጥን፣ አንድም ስም የለም። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ

ባሰ። ስሞቹ መጡ፣ ግን ሲላክ እጥፍ ይሆናሉ። ሰባቱ አሥራ አራት ሆኑ። ወይዘሮ ይታይሽ ቤት ድረስ መጡ። «ያለኝ ሁለት መደብ ነው፤ ማንን በማን ላይ ላስተኛ?» የተጻፈው ሁሉ የሚመጣ መስሏቸዋል። እሳቸው ፊት አልሳቅሁም። ሲወጡ ግን አልቻልኩም።

ሐሙስ

አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ኮምፒውተር አጠገብ አይደርሱም። ስነጫነጭ ሰምተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ገጹ በተላከ ቁጥር ከባዶ ይጀምራል፣ ያለፈውን አያውቅም አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን አዲስ ትሰጪዋለሽ? እኔ ተማሪ የትናንቱን ሳያሰማኝ የዛሬውን ቀለም አልነግረውም።»

ለካ ቅደም ተከተሉ ነው! መጀመሪያ ስንት ሣጥን እንደነበረ ያስታውስ፣ እነዚያኑ ይክፈት፣ ስሞቹን ይመልስ፤ አዲሱ ከዚያ በኋላ። ላመሰግናቸው ቀና ስል ወጥተዋል።

ዓርብ

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው እኔው ልሞክረው ብለው ዘጠኝ እንግዳ አስገቡ። ላኩ። ዘጠኙም አሉ። ደግመው ላኩ፤ አሉ። አቶ ደምሌ ተነሥተው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ደስታውን አልችለው አልኩ።

ሰብሳቢው ግን ጠጋ ብለው፣ «አራተኛው የሚስቴ ወንድም ነው፤ እጄ ለምዶ ጻፈው። አምና ለሦስት ቀን መጥቶ እስከ ዐቢይ ጾም ከረመ። በይ አጥፊልኝ» አሉኝ።

ማጥፊያ አልሠራሁለትም። ሳምንቱን ሙሉ እንዳይጠፉብኝ ስጨነቅ፣ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብዬ መች አሰብኩ? እስከ ሰኞ እሠራለሁ አልኳቸው።

«እሱ እሑድ ይገባል» አሉኝ።