ለሶሎ የተተወው ቦታ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህን አሁንም ያምሃል ወይስ የኬሚ የባሕር ነፋስ አደንዝዞ ገላገለህ? እኔ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ። ከወገቤ በታች ያለው ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነውና ብዙ አይጠበቅበትም። ከተማችን ኢሳልሚ እንደተውካት ናት፤ የሐይቁ በረዶ ቀልጧል፣ ትንኙም ተመልሶ መጥቷል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገና ካርድ ብቻ ስንላላክ ኖረን ዛሬ እንዲህ የወፈረ ፖስታ ሲደርስህ ሰው የሞተ እንዳይመስልህ። ማንም አልሞተም። ጡረታ ወጣሁ፣ ጊታሬንም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣሁት፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ እቤቴ ሞከርኩ። ከታች ያለው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብ ጀመር። እኔ ደግሞ ምት የሚመታልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አብሬው ተጫወትኩ። በነጋታው የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ወይዘሮ ሒልካ መጣች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ፈቃድ ውጪ እዚህ ቤት አምፖል አይቀየርም። "ምድር ቤት ያለውን የልብስ ማስጫ ክፍል ውሰድ፤ እዚያ የሚሰማህ ካልሲ ብቻ ነው" አለችኝ።

እዚያ በካልሲ መሃል ኮምፒውተሬን ከፍቼ አዲስ ነገር አገኘሁ። ለካ ሰዎች የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ከበሮ፣ ቤዝና አጃቢውን ሪትም ጊታር ቀርጸው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወትበትን የሶሎውን ቦታ ባዶ ትተው ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡታል። የፈለገ ሰው እንደመጣለት ይጫወትበታል። እኔን ታውቀኛለህ። የማይደክም፣ የማይሰክር፣ "መቼ ነው የምትጨርሰው?" የማይል ባንድ በስተርጅና አገኘሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ነገሥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አበሳጨኝ፤ ሙዚቃው እኔ ጨረስኩ አልጨረስኩ ብሎ አይጠብቅም። ጣቴ ገና ሽቅብ ሲወጣ ያበቃና እላይ ከካልሲዎቹ ጋር ተንጠልጥዬ እቀራለሁ።

አንድ ቀን ሒልካ አንሶላዋን ልታሰጣ ገብታ ቆማ አዳመጠችኝ። "ኤንሲዮ፣ ማን እያሯሯጠህ ነው? ንብ ነው?" አለች። እዚያው በዚያው የምፈጥረው እንደሆነ፣ ከጭንቅላቴ እንደሚመጣ ነገርኳት። "ከጭንቅላትህ ከሆነማ ሐኪም ይየው" ብላ አንሶላዋን ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ ያዘችና፣ ወጥታ በሩን ልትዘጋ ስትል "ሰው ሲያወራ እኮ መሃል ላይ ይተነፍሳል" አለችኝ። ተቀየምኳት። ሁለት ቀን ሰላም አላልኳትም።

ቂሟን የተወጣችው እንዲህ ነው፤ ሳትጠይቀኝ ውድድር አስመዘገበችኝ። በሰኔ ገበያው አደባባይ ላይ መድረክ ተተክሎ፣ አምስት ሰው በአንድ ዓይነት ማጀቢያ ላይ፣ ቀድሞ ሳይሰማው፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሶሎ ይጫወታል። "ወይ ታሸንፋለህ ወይ ታቆማለህ፤ ሁለቱም ለሕንፃው ይበጃል" አለች።

ዕጣው አንደኛ አወጣኝ። ወጣሁ፣ ሙዚቃው ተጀመረ፣ ጣቶቼም እንደ ልማዳቸው ፈረጠጡ። ግን ሪትም ጊታሩ አንድ ነገር ነበረው። አራተኛው ምት ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ቤት ከመግባቱ በፊት እግሩን እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ ከበሮው ዝም አለና ጊታሩ ብቻውን ሲቀር ከሥሩ የእንጨት ሲጢጥታ ተሰማኝ። የሚወዛወዝ ወንበር ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል፣ ወደ ፊት ሲመጣ ዝም ይላል።

የእናታችን ወንበር አንተ ጋ ደህና ነው? ከቀብሩ ማግስት ሳትሰናበተኝ መኪናህ ጣሪያ ላይ አስረህ የወሰድከው። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁህ።

እጄ ቆመ። ድምፅ የሚቆጣጠረው ቴርሆ የሚባል ሰውዬ ገመዴ የተነቀለ መስሎት እየሮጠ መጥቶ ይወዘውዘው ገባ። ሒልካ ከፊት ወንበር "ሞተ እንዴ? ኧረ ቆሞ ነው የሞተው!" ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ግን እየሰማሁ ነበር። ከኋላዬ የሚጫወተውን ሰው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ያን ሁለታችን አብረን የተጫወትንበትን የጭፈራ አዳራሽ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ አስታወስኩት። እኔ ሶሎ ጀመርኩ። አንተ ጊታርህን አስቀምጠህ ወጣህ፣ ቋሊማ ቤት ሄደህ ሁለት ቋሊማ በሰናፍጭ በላህ፣ አፍህን ጠርገህ ተመለስክ፤ እኔ አልጨረስኩም ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ። "ወንድሜ በዘፈን መሃል ከዳኝ" ብዬ ለስንቱ አወራሁ፤ ለእናታችንም ጭምር። እውነቱ ግን ከመውጣትህ በፊት ብዙ ቆመህ ጠብቀኸኛል። ዞር ብዬ እንዳይህ ነበር የጠበቅኸው። አልዞርኩም። ይህን ለእሷ በሕይወት ሳለች መናገር ነበረብኝ፤ አሁን ለአንተ ልናገር።

ከዚያ ስድስት ድምፅ ብቻ ተጫወትኩ። አንድ ጣል አደርግና እጠብቃለሁ፤ ያ ሪትም ጊታር ይመልስልኛል። መቼ እንደተቀረጸ እንጃ፣ ግን ይመልስልኛል። ሙዚቃው ሲያበቃ እኔም አበቃሁ፤ እኩል ጨረስን።

ከአምስት አምስተኛ ወጣሁ። ያሸነፈችው አንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ይገባታል፣ ጣቶቿ አቻ የላቸውም። ጢሙ ቀበቶው የሚደርስ ዳኛ "አባባ፣ ሶሎ እኮ ነበር የተባለው። አንተ ብቻህን አልተጫወትክም" አለኝ። "አዎ፣ አልተጫወትኩም" አልኩት። ለማጽናኛ ዓሣ ሆዱ ውስጥ የተጋገረበት ዳቦ ሰጡኝ። ሒልካ ግማሹን እዚያው ቆማ በላችው። እያኘከችም "ዛሬ ተነፈስክ" አለችኝ።

ሙዚቃውን ማን እንደሠራው ቴርሆን ጠየቅሁት። ከሰሜን ነው፣ ስሙን አይጽፍም፣ አርባ ሦስት ሙዚቃ አውጥቷል፣ ሁሉም ላይ የሶሎው ቦታ ባዶ ነው አለኝ። "ለምን ራስህ አትሞላውም?" ብለው ቢጽፉለት "ባለቤት አለው" ብሎ መለሰላቸው አሉ። ሌላ አልጠየቅሁም። አርባ ሦስቱንም ሰምቻቸዋለሁ። አንደኛው ላይ ለሶሎ የተተወው ቦታ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የትኛው እብድ ነው ይህን ያህል የሚጫወት ብዬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ተበላሸብኝ፤ የሰው ካልሲ አውርጄ ዓይኔን ጠረግሁበት።

ሒልካ አሁን በሩ ላይ ዝርዝር ለጥፋለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ማን እንደሚጫወት በስም ይጻፍ ብላለች። ከሐምሌ ጀምሮ ላለው ሁለት ስም ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና "ይሄ ሁለተኛው ደግሞ እንዳንተ ነው?" አለችኝ። "አይደለም፤ እሱ ሰው ይሰማል" አልኳት። "እንግዲያው ቁልፉን የምሰጠው ለእሱ ነው" አለች።

ከኬሚ የሚመጣው ባቡር ጣቢያችን ሲደርስ እቆማለሁ፤ ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ። አልጋ አለ፣ የሕንፃው የእንፋሎት መታጠቢያ ሳውናውም ቅዳሜ የእኔ ተራ ነው።

እግዚአብሔር ጣቶችህን ከብርድ፣ ጉልበትህን ከደረጃ ይጠብቅልህ። ቤትህ ሙቀት አይለየው።

መስማት የጀመረው ታላቅ ወንድምህ