ቤቱን የዞረው ቱቦ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል

ለእናትህ ልጅ፤

ባለቤቴ ብዬ እንዳልጀምር በመሃላችን ግድግዳ ቆሟል። እንደምን ነህ እንዳልልህም ደህና መሆንህን ሰው ነግሮኛል። ወፍሯል አሉ። እኛ አልወፈርንም።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፣ እንዳትደነግጥ። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ድሮ የእህቴን ደብዳቤ ስታነብልኝ ደስ ያላለህን እየዘለልክ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። እኔ ግን ምንም አልዘልልህም።

ነገሩ የመታጠቢያ ቤት ነው። እናትህ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ድረስ ደግፌ ነው የምወስዳቸው። ሲዘንብ ጃንጥላ የሚይዝልን ሦስተኛ ሰው የለንምና አብረን እንበሰብሳለን። «በወር ውስጥ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለህ እኔ ዘንድ የተውካቸውን እናትህን ነው የምልህ፣ ረስተሃቸው እንደሆነ። እናም ከመኝታቸው አጠገብ ያለችውን ዕቃ ቤት መታጠቢያ ላደርግላቸው ተነሣሁ።

ቤቱን ስንካፈል አንተ የመንገዱን ወገን ወሰድክ፣ እኔ የጓሮውን። በሩን፣ መስኮቱን፣ ወንበሩን ሳይቀር ተካፈልን። ፍሳሹ በየት ይወጣል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የፍሳሽ ጉድጓዱ ያለው በአንተ ደጃፍ ነው። አጭሩ መንገድ በክፍልህ ወለል ሥር ያልፋል። በክፍሉ በር ላይ ደግሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፣ ቁልፉም አንተ ኪስ ውስጥ ነው። አንተን ከምለምን ብዬ ቱቦው ቤቱን ዞሮ እንዲሄድ አዘዝኩ። በወጥ ቤቱ ጥግ፣ በጎረቤት አጥር ሥር፣ ከዚያ እንደገና ታጥፎ ወደ መንገድ።

የቧንቧ ሠራተኛው ውሃ ልኩን መሬት ላይ አስተኝቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይህን ያህል የሚርቅ ቱቦ ቁልቁለት ይፈልጋል። ጉድጓዱ ደግሞ ጥልቅ አይደለም። ቁልቁለቱን ከየት ላምጣው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባለሙያው ማን ነው?»

«እንግዲያስ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ከፍ እናድርገው፣ እስከ ወገቤ።»

«እማማን በመሰላል ላወጣቸው ነው?»

«ካልሆነ በዚያኛው ክፍል ሥር ቀጥ ብለን እንሂድ።»

«የዚያን ክፍል ነገር እንዳታነሣብኝ! ዙር ብያለሁ፣ ዙር!»

ትከሻውን ሰብቆ ዞረ። ቆፈረ፣ ቀበረ፣ ለሰነ።

የሙከራው ዕለት እናትህ «መጀመሪያ የምታጠበው እኔ ነኝ» ብለው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ወንበር ይዘው ጠበቁ። ሠራተኛው ውሃውን በባልዲ ለቀቀው። ሄደ ስንል ቱቦው አጉረመረመ፣ ከዚያ ውሃው ጭቃ ለቅሞ በዚያው በወለሉ ቀዳዳ ተመልሶ መጣ።

እናትህ ከት ብለው ሳቁ። «ይኼ ቱቦ ልጄን ይመስላል፤ መሄድ እንጂ መድረስ አያውቅም።»

ሠራተኛውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እናትህ ፎጣውን አጣጥፈው ሰጡኝና «በይ ጃንጥላውን አምጪው፣ ልጄ» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት አጠገቤ ብትሆን በባልዲው አናትህን ነበር የምልህ።

ዶማ አንሥቼ ጓጉንቸሩን ልሰብር ሄድኩ። በዚያ ጉልበታቸው ግድግዳ እየተደገፉ ተከተሉኝና በሩ ፊት ቆሙ።

«አይሰበርም።»

«እማማ፣ ለእርስዎ እኮ ነው!»

«ልጄ የቆለፈው ተመልሶ ሊከፍተው ነው። ላይመለስ ቢሆን ቁልፉን ምን ሊያደርግ ይዞት ይሄዳል? አንቺ ከሰበርሽው ምን ብሎ ይመጣል?»

ዶማዬን ይዤ ተመለስኩ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው። አንተ ጥለሃቸው ሄድክ፣ እሳቸው ዝናብ እየመታቸው በርህን ይጠብቁልሃል!

ሠራተኛው በክፍልህ ሥር ከሆነ ቱቦው ቀጥ ብሎ፣ በቂ ቁልቁለት ይዞ ይሄዳል ብሏል። ወለልህ ተቆፍሮ ተመልሶ ይለሰናል። አልጋህን ወደ ጥግ እናስጠጋዋለን። በመስኮትህ አጮልቄ አይቼ አላውቅም። ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ግን ብል እየጨረሰው ነው።

ሌላም ልንገርህ። እናትህ ከምሳ በኋላ ውሃ መጠጣት ትተዋል። ለምን ስላቸው «አልጠማኝም» ይላሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በጨለማ ወደ ጓሮ እንዳያስወጡኝ ብለው ነው፤ እኔ ይህ አይጠፋኝም።

አሁን አጠገቤ ተቀምጠው «መንገድህን ያቅናልህ፣ ጤናህን ይስጥህ በይልኝ» ይላሉ። ምርቃቱ የእሳቸው ነው፤ የእኔ ጽሕፈቱ ብቻ ነው።

ከግድግዳው ወዲህ ያለችው

ወረቀት ያነሣሁት ቁልፉን ላክ ልልህ ነበር። በሰው እንዳትልከው።