የታቦት ቀን የሚያውቅ ሌባ

ሰኞ፣ ጥር 18

በአንድ ሙከራ ነው የገባው። ያስፈራኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜና እሑድ የማንም አባላችን ያልሆነ አንድ ስልክ የሰዎችን ሒሳብ ሲከፍት ነበር። የእያንዳንዱን ሰው የምሥጢር ቁጥር አንዴ ብቻ ይሞክራል። ከገባለት ምን ያህል ገንዘብ እንዳለ አይቶ ይወጣል፤ ካልገባለት ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሦስቴ የተሳሳተ ይዘጋበታል ብለን ያቆምነው አጥር አልነካውም፤ መች ሦስቴ ተሳሳተና። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ገብቶለታል። እስካሁን ከማንም ምንም አልወሰደም።

ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ አሰፋ ነገርኳቸው። «ካልወሰደ ታዲያ ሌባ ያሰኘው ምኑ ነው?» አሉኝ። የሰው በረት ገብቶ ከብቱን አይቶ የሚወጣ ሰው ለጽድቅ ነው እንዴ የሚመጣው? አልኩ፣ በሆዴ።

በሆዴ ያልኩት ግምገማዬ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ነው። ሦስት ቀን እዚህ ቁጠባና ብድር ማኅበር እሠራለሁ፣ ሁለት ቀን ዩኒቨርሲቲ የሳይበር ደኅንነት እማራለሁ፤ ዲግሪው የሚሰጠኝ ሁለቱንም ሳልፍ ነው። ወሩ ሲያልቅ አቶ አሰፋ «አትረባም» ካሉ ዓመቱን መድገም ነው። እሳቸው ደግሞ ወንበር እንዳሞቅ የተላክሁ ነው የሚመስላቸው። እስካሁን ያሠሩኝ ዋና ነገር ፕሪንተር ማስተካከል ነው።

ማክሰኞ

ሒሳባቸው የተከፈተባቸውን ሰዎች ደውዬ አስጠራኋቸው። ቁጥራችሁን ለማን ሰጣችሁ? ለማንም። እትዬ ብርቄ «ለባሌ ያልነገርኩትን» ብለው ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ደምሴ በሚካኤል ማሉ። ገንዘብ ያዡ ሰዒድ «ወላሂ እነዚህ ሰዎች አይዋሹም» አለኝ። እኔስ መች ይዋሻሉ አልኩ። ግን ሰውየው ከየት አወቀ? ቀኑን ሙሉ ራሴን ሲያመኝ ዋለ።

ማታ እማዬ ስልኳን ሰጠችኝ። እህቴ ሰላም ከሪያድ ለወንድማችን ሠርግ ገንዘብ እልካለሁ ብላለች፤ ገብቶ እንደሆነ እዪልኝ ነው። ቁጥሩ ጠፋኝ አልኳት።

«እንዴት ይጠፋሻል? የማርያም አይደል እንዴ። ሃያ አንድ ሃያ አንድ።»

ስልኩን መሬት አስቀመጥኩት። እትዬ ብርቄ የመድኃኔ ዓለምን ጽዋ ይጠጣሉ፤ ሃያ ሰባት ሃያ ሰባት። ጋሽ ደምሴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው፤ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት። እሳቸውማ ቁጥራቸውን ጠርተው ነው የማሉልኝ። እዚህ መካነ ሰላም ከተማ ማን የየትኛውን ታቦት ጽዋ እንደሚጠጣ የማያውቅ የለም። የሒሳብ ቁጥራችን ደግሞ ስልክ ቁጥራችን ነው። ሰውየው እየገመተ አይደለም፤ ያውቀናል።

የእማዬ ተራ ገና አልደረሰም። ቀይሪው አልኳት።

«ማርያምን አውጥቼ ማንን ላስገባ?» አለችኝ።

ረቡዕ

ዛሬ በሆዴ አልያዝኩም። አቶ አሰፋ ፊት ቆሜ የስልኩ አገልግሎት ለጥቂት ቀን ይዘጋ አልኩ። «በጥር? የዐረብ አገር ገንዘብ ለሠርግ በሚገባበት ወር? ሰው እንዲበላኝ ነው የፈለግሽው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ያንን ስልክ ብቻ ብንዘጋ በሌላ ሲም ካርድ ይመለሳል። ሌላ መላ መጣልኝ። የወሩ ቀኖች በሙሉ፣ ከልደታ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ እየተደገሙ የምሥጢር ቁጥር መሆናቸው ይቅር። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው ሊገባ ሲል ስልኩ «ቢሮ ቀርበው ቁጥርዎን ይቀይሩ» ይበለው። እዚያው በስልኩ ይቀይር ብንል ሌባው ራሱ ቀይሮልን ይሄዳል። መምህር ሀብታሙ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረኝ፣ ሐሳቡን አየና «ልክ ነሽ፤ ሰው ግን ይቀየምሻል» አለኝ። አቶ አሰፋ እያቅማሙ ፈቀዱ። ሲስተሙን ከሠሩልን የአዲስ አበባ ልጆች ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ ውለን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ሰዒድን ሻይ ጋበዝኩት።

ሻዩን ሳንጨርስ ወሬው ከተማውን ሞላው፦ ማኅበሩ ታቦት ከለከለ። ያውም በአስተርእዮ ዋዜማ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሴትዮ አስቁመውኝ «ማርያም ምን በደለችሽ ልጄ?» አሉኝ። የቦርዱ ሰብሳቢ ለአቶ አሰፋ ደወሉ፦ እስከ ቅዳሜ ሰው ካልተረጋጋ ክልከላው ይነሣ፣ ልጅቷም ወደ መጣችበት ትመለስ። አቶ አሰፋ ይኼን ሲነግሩኝ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሰዒድ «አብሽሪ» ይለኛል፤ ምኑን ልበሸር። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

እማዬ ጠዋት አላናገረችኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከፊቴ ፊቴ ትሄዳለች። በበሩ ላይ «በዓመት በዓሏ ቀን ልጅሽ ማርያምን ከለከለች መባልን ሰማሁ» አለችኝ። እሷን ሳያት ከግምገማው ይልቅ ይኼ አንገበገበኝ።

ቄስ ሞላ የንስሐ አባታችን ናቸው። ቅዳሴው ሳይገባ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ እየተንተባተብኩ፣ እየተናደድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሥላሴስ?» አሉኝ። ዜሮ ሰባት ዜሮ ሰባት ነዋ፣ እሱም ተከልክሏል አልኳቸው። መስቀላቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው ከካባቸው ሥር ስልካቸውን ነካ አደረጉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሙ። እንደማስታውሰው እንዲህ አሉ፦ «በራችሁን ስትዘጉ በማርያም ስም ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ቁልፉን ግን እጀታው ላይ ሰቅላችሁ አትሄዱም። ዕለቷን እኛም እናውቃለን፣ ሌባውም ያውቃል። እኔም ሞኝ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ ነገ ሄጄ እቀይራለሁ።» ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እማዬን እያየኋት ነበር። ስንመለስ እማዬ ከጎኔ ሆነች።

ዓርብ

ትምህርት ነበረኝ፤ መምህር ሀብታሙ ሂጂ ብሎ ለቀቀኝ። ቢሮው ሳይከፈት ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። ከወግዲ መንገድ ድረስ በሚኒባስ የመጡ አሉ። ቄስ ሞላ ፊት ናቸው፤ «ሰው እንዳያየኝ» ብለው ጀርባቸውን ለሰልፉ ሰጥተው ቀየሩ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የማርያም የነበሩት ሁሉ ወደ ሚካኤል ሊዞሩ መጥተዋል። ሚካኤል አይሆንም። እሺ ጊዮርጊስ። እሱም አይሆንም። አንድ ሽማግሌ ተስፋ ቆርጠው «ለመሆኑ የቀረልን ማን አለ?» አሉኝ። ሌላዋ አዲሱን ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ጠርተው «ይኼስ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። ጥሩ ነበር እማማ፣ አሁን ግን ሰልፉ ሁሉ ሰማው፤ ሌላ ይምረጡ። ድምፄ ተዘጋ።

ሰዒድ «ተመስገን እኛ ጽዋ የለንም» እያለ ሲያፌዝ ዋለ። ያንተስ ምንድን ነው ብዬ አፋጠጥኩት። በሹክሹክታ ነገረኝ፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት። እሱንም አሰለፍኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ አቶ አሰፋ ቢሮአቸውን ዘግተው ቆዩ። ሲወጡ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቁጥራቸውን ቀይረው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የየትኛው ማኅበርተኛ እንደሆኑ ግን አውቃለሁ።

እማዬ አልመጣችም።

ቅዳሜ

ገበያ ስለሆነ ቢሮው ክፍት ነው። ረፋድ ላይ ያው ስልክ ተመለሰ። ሰዒድን ጠራሁት፣ ሰዒድ አቶ አሰፋን ጠራ፤ ሦስታችን አንድ ስክሪን ላይ ተደፋን። ጋሽ ደምሴን ሞከረ፤ አልገባለትም። እትዬ ብርቄን ሞከረ፤ አልገባለትም። ቀጥሎ የመጣው የእማዬ ቁጥር ነው። የሰላም ገንዘብ ትናንት ማታ ገብቷል።

ያስገባው ልክ ነበር፤ ሃያ አንድ ሃያ አንድ። ያልተቀየረ። ሲስተሙም መለሰለት፦ ቢሮ ቀርበው ቁጥርዎን ይቀይሩ።

ሰዒድ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ይምጣዋ፣ ሰልፉ አጭር ነው» ይላል። ሰውየው ያላንኳኳው ታቦት የለም፤ አንድም አልተከፈተለትም። ስልኩን ዘጋንበት፣ ቁጥሩን ለፖሊስ ሰጠን። ከአንድም አባል አንድም ነገር አልሄደም። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ለራሴ ደጋግሜ ብጽፈው አይጠላኝም፤ እኔ ነኝ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ደወሉ። አቶ አሰፋ «አዎ ጌታዬ፣ ልጃችን ናት» ሲሉ ሰማሁ። ረቡዕ «ልጅቷ» ነበርኩ። ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና «ከሚቀጥለው ሳምንት የዋናውን ኮምፒውተር ቁልፍ አንቺ ትይዣለሽ። ግምገማውን ፈርሜያለሁ። ፕሪንተሩን ግን አሁንም አይተሽ ሂጂ» አሉኝ። አየሁት። ወረቀት ነክሶ ነው።

ልንዘጋ ስንል እማዬ ገበያ ደርሳ፣ ሽሮዋን በዘንቢል ይዛ መጣች። እኔ ጋ አልቀረበችም፤ ሰዒድ መስኮት ጋ ሄደች።

እሑድ

ሰውየው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሲም ካርዱ የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው አሉ። ማኅበሮቻችንን ለይቶ የሚያውቅ ስለሆነ ከመካከላችን ነው፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሰላም ካሉኝ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይኼ ይከነክነኛል። ተመልሶ እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ በሌላ ብልሃት።

ከምሳ በኋላ ሰላም ከሪያድ ደውላ ቀሪውን ልኬአለሁ አለች። እማዬ ስልኳን አነሣች። እንደ ወትሮው ተቀብዬ ላይላት እጄን ዘረጋሁ፤ አዲሱ ቁጥር ስንት ነው አልኳት።

«ለልጅም ቢሆን አይነገርም ብለሽ ሰዉን ስታስጨንቂ ውለሽ የለ?» አለችና ስልኩን በነጠላዋ ከለለችው። «ዞር በይ።»

ዞርኩላት።