ሳልከራከር የገዛሁት እንቁላል

ለምወድሽ አክስቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ሻል አለሽ ወይ? የሸኖ ብርድ ግንቦት ከገባ ወዲህ ትንሽ ላላ ብሎልሻል? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? ሰዉም ከብቱም ደህና እንደሆነ አምናለሁ። እኛ ጋ ዝናቡ ቀድሞ ጀምሮ የገላን መንገድ ከአሁኑ ጭቃ ሆኗል። እምነት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ትንሽዬ አሮጊት መስላለች፤ አንቺ መቼ እንደምትመጪ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እማዬም ሰላም ትልሻለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ አታውቅም።

ለምን አትደውልም እንዳትዪ። ኮንዶሚኒየማችን ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ሽንት ቤት ገብቼ በሹክሹክታ ባወራ እንኳ ሳሎን ይሰማል። ከሥራ ቦታ እንዳልደውል አንቺ ስልክ ስታነሺ ላውድ ላይ አድርገሽ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ያወራል። አትቆጪኝ፤ ሳላጋንን ነው። ስለዚህ ቅቤ ለማምጣት በምትመላለሰው በአማረች እጅ ላኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ንዴቴን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሌላው አይወጣልኝም። አክስቴ፣ ሰሞኑን ሁሉ በአንቺ ላይ ደሜ ሲፈላ ነው የከረምኩት። ለእማዬ የነገርሻት መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ እማዬን ነርሷ ጋ አስቀምጦ እኔንና አንቺን ለብቻ የጠራን ቀን የተባባልነውን አልረሳሽም። የበሽታውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እጄ አይታዘዘኝም። ጉበቷ ጋ ደርሷል፣ ኦፕራሲዮን አይሆንም፣ ደህና ምግብ አብሏት፣ ያማራትን አትከልክሏት አለን። ኮሪደሩ ላይ እንባሽን በነጠላሽ እየጠረግሽ፣ ብትሰማ በድንጋጤ ትሞትብናለች፣ ጨጓራ ነው እንበላት ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም እሺ አልኩ። እማዬም ስንነግራት ጨጓራማ የድሮ ጎረቤቴ ነው ብላ ሳቀችብን።

እኔን ግን ከሐኪሙ አፍ የወጣች አንዲት ቃል ይዛኝ ቀረች። መድኃኒትና ማዳበሪያ ያልበዛበት ንጹሕ ምግብ ካገኛችሁ ጥሩ ነው ብሎ ነበር። ለእሱ እንዲሁ ያላት ነገር ትሆናለች። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ላደርገው የምችለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ገበያ ወጣሁ።

እዚህ ከተማ አሁን «ኦርጋኒክ» የሚሉት ነገር አለ። ያንቺ ጓሮ ውስጥ ያለው ሁሉ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ሲገባ ስምም ዋጋም ያወጣል። ፋብሪካ ስቶር ውስጥ ተቀምጬ የማገኘውን ደመወዝ ታውቂዋለሽ። ሁሉንም ከዚያ ልግዛ ብል ወሩ ሳይጋመስ ባዶዬን እቀራለሁ። መምረጥ ነበረብኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ከስልኳ ላይ ኦርጋኒኩ ቢገዛ የሚሻለውን ዝርዝር አወጣችልኝ፤ ከሁሉ በፊት እንጆሪ ይላል። እንጆሪ! እኛ ሠፈር ሰው እንጆሪ የሚያየው የጁስ ካርቶን ላይ ተስሎ ነው። ተናድጄ ስልኳን መለስኩላት።

ከብሎካችን ሥር አትክልት የሚሸጥ ሀይረዲን የሚባል የስልጤ ነጋዴ አለ። ከመደርደሪያው በአንዱ በኩል በካርቶን ላይ «ኦርጋኒክ» ብሎ ለጥፏል። ልጆችህ ይሙቱ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ሙዝና አቮካዶ ላይ ብርሽን አታቃጥዪ፣ ልጣጩን ትጥዪዋለሽ፣ ሽንኩርትም ድንችም ከየትም ይሁን፤ ቅጠል ነገርና ቲማቲም ላይ ግን ተጠንቀቂ አለኝ። ያንተ ጎመን ከየት ነው የሚመጣው ስለው ራሱን አከከ። የሚያመጣልኝ ሰው ከደብረ ዘይት ነው ይለኛል አለ፤ ሁሉም ከደብረ ዘይት ነው የሚለው፣ ታዲያ አቃቂ ወንዝ ዳር በፋብሪካ ፍሳሽ የሚበቅለውን ያን ሁሉ ጎመን ማን እንደሚበላው እንጃ አለና ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

እንደዚያ እንደዚያ እያልኩ ወሰንኩ። ሙዙ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ ከተገኘበት። ጎመን አማረች ካንቺ ጓሮ ካላመጣች ጭራሽ እቤት አይገባም። ቲማቲም በፈላ ውኃ ተነክሮ ቆዳው ይገፈፋል። ቅቤው ያለ ጥያቄ ካንቺ ነው፤ ወተቱ ጀርባችን ላሞች ካሏት ሴት፤ ማሩና እንቁላሉ ከደህናው። ያም ቢሆን ለሦስታችን የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ፍሪጁን ለሁለት ከፈልኩት። የላይኛው መደርደሪያ የእማዬ፣ የታችኛው የእኔና የእምነት። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ትችለዋለች አልኩ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው አሁን ያመኛል፤ ያኔ ግን አላመመኝም።

እንቁላሉ ብቻ ስንት አንገብግቦኛል መሰለሽ! መጀመሪያ የሀበሻ ነው ብለውኝ ከመንገድ ገዛሁ። ለካ ትንንሹን የፈረንጅ እንቁላል ይመርጡና ጭድና የዶሮ ኩስ አስነክተው ነው የሚሸጡት። እማዬ ሰብራ መጥበሻው ላይ ስታፈሰው የነጣውን አስኳል አየት አደረገችና ይቺ ዶሮ መሬት ረግጣ አታውቅም አለች። እኔ እስክበግን ድረስ እሷ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ሀይረዲን ከአገሩ ከዘመዶቹ ከሚያስመጣው ብቻ ሆነ። ዋጋውን አልነግርሽም፤ ዶሮዎቼን ይዤ አዲስ አበባ ልግባ ትያለሽ።

ከትንሣኤ በኋላ እማዬ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። አንድ ማታ እራት ላይ የድሮ ሠፈራችን፣ የባቡር ሠፈሩ እድሬ ተከፍሏል ወይ፣ ውዝፍ እንዳይኖር አለችኝ። በማግስቱ ለበዓል ብቻ የምታወጣውን ጥበብ ቀሚሷን አጥባ አጣጥፋ፣ ይቺ ለእምነት ነች፣ ስታድግ ትደርስባታለች አለች። የንስሐ አባቷን አስጠርታ በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ። ያን እሑድ ደግሞ ካንቺ ጋር በስልክ ስታወራ ነበር። በቃ፣ አክስቴ አፏ አላርፍ ብሎ ነግራታለች አልኩ። ደውዬ ልጮህብሽ ስልኬን አንስቼ ያስቀመጥኩት ብዙ ጊዜ ነው። ሥራ ቦታ እንኳ ዕቃ ስቆጥር እየተሳሳትኩ አለቃዬ ምን ሆነሻል እስኪለኝ ድረስ።

ባለፈው ሐሙስ ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጊዜ ለቀቁን። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስከፍት እምነት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ባንቺ ቅቤ የተጠበሰ እንቁላል፣ አጠገቡ ወተት በብርጭቆ። እማዬ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ጎመን በእንጀራ ትበላለች። አማረች ደግሞ በዚያ ሳምንት አልመጣችም። ጎመኑ ከመንገድ የተገዛ ነው! ጾም ነው እንዳትለኝ እንኳ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርቡም ፍስክ ነው። እምነት ደንግጣ፣ እማማ ሁልጊዜ ትሰጠኛለች፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብላኛለች አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ጮህኩ አክስቴ። በእናቴ ላይ ጮህኩ። ለማን ብዬ ነው የምንከራተተው፣ ለማን ብዬ ነው ምሳ እየዘለልኩ የምውለው፣ ይሄ ለአንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ መብላት ያለብሽ አልኩ። ጎመኑን ከነሰሃኑ አንስቼ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጥኩት። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። እምነትን ዓይኗን ጠርጋላት፣ ወርደሽ ተጫወቺ ብላ ላከቻት። እጇን ታጠበች። ከዚያ ተቀመጪ አለችኝ።

ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍልሽ። «ሐኪሙ ጋ ገብታችሁ ስትወጡ የእህቴን ዓይን አይቼ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «ግን ሰው ተስፋ አይቆርጥም፣ ጨጓራም ይሆናል እል ነበር። ያወቅሁት ሀይረዲን ጋ አብሬሽ የወረድኩ ቀን ነው። አንቺ ለአንድ እስር ቆስጣ ከነጋዴ ጋር የምትጣዪ ልጅ፣ ያን የእንቁላል ዋጋ ሲጠራልሽ አንዲት ቃል ሳትናገሪ ቦርሳሽን ከፈትሽ። እሱ በሰጠኝ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁሽ። አሃ፣ እንግዲያው ሄጃለሁ ማለት ነው አልኩ።»

አየሽ? አንቺ አይደለሽም። እኔው ነኝ። ተጠንቅቄ፣ አፌን ለጉሜ፣ የሐኪም ወረቀቷን መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ በየሳምንቱ ፊቷ ቆሜ ስነግራት ኖሬያለሁ። ስለ ጠረጠርኩሽ ይቅር በዪኝ።

እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ወዲያው ወደ አስቤዛው ገባች፣ ታውቂያት የለ። ወተቱና እንቁላሉ ለልጅቷ ነው፣ አጥንቷ ገና የሚያድገው እሷ ናት አለች። ለእኔ ጎመኑን ከየትም አምጪልኝ፣ አጥበሽ ቀቅዪው፣ የወንዙ ውኃ እኔን ለመጉዳት አሁን ጊዜ የለውም አለች። እንዲህ ብላ ሳቀች፣ እኔ እያለቀስኩ! ማሩን ግን አልተወውም፣ አፌ ሲመርረኝ እልሰዋለሁ አለች። ቀጥላም እጄን ያዘችና፣ ከእንግዲህ ሳትከራከሪ የገዛሽው ነገር በጉሮሮዬ አይወርድም አለችኝ።

በማግስቱ አብረን ወረድን። በየፎቁ እያረፈች፣ ብረቱን ይዛ። ሀይረዲን የእንቁላሉን ዋጋ ጠራ። ላንቺ ልንገርሽ፣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ልሰጠው ነበር የፈለግኩት፤ ሱቁን በሙሉ ጠቅልልልኝ ልለው ነበር። እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እንደ ምንም ብዬ፣ ኧረ ሀይረዲን፣ ምነው፣ እንቁላል ነው ወርቅ አልኩት። ሰውየው ደንግጦ፣ የእምነት እናት ዛሬ ምን ነካሽ አለኝ። ቀንስ አልኩት። አልቀንስም አለ። ትቼው ልሄድ ዞርኩ፣ ጠራኝ። እማዬ ደግሞ ከበርጩማዋ ላይ፣ ዶሮዎችህ ርግብ ናቸው እንዴ፣ እንቁላሉ ምነው አነሰ አለችው። እሱም፣ እማማ ብዙወርቅ እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ ብሎ ቀነሰ፤ ሎሚም መረቀልን። ሰው ሁሉ የተጣላን መስሎት ያየን ነበር። ያን ቀን እማዬ እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ። ደረጃው ላይ ስናርፍ አንድ ነገር አስማለችኝ። እህቴ እኔ እንደማውቅ እንዳትሰማ አለችኝ። ደብቄላታለሁ ብላ ነው የምትጽናናው፣ እሱንም ከወሰድንባት በምን ትቆማለች፣ ደካማ ናት እኮ አለች። እኔም ማልኩላት። ይኸው ሳምንት ሳይሞላ መሐላዬን አፈረስኩ። እሷ ለአንቺ ስትደብቅ፣ አንቺ ለእሷ ስትደብቂ፣ እኔ መካከላችሁ ቆሜ ለሁለታችሁም ፈገግ ማለት አልቻልኩም። አንድ ሰው ማወቅ ነበረበት፤ ካንቺ ሌላ ደግሞ ሰው የለኝም።

ለክረምት እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አማረች ስትመለስ አብረሻት ነዪ። ላሚቱን ለጎረቤት አደራ በዪ።

እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ቤትሽን፣ ከብትሽን፣ ጉልበትሽን ትባርክልሽ፤ በደህና አምጥታ ታገናኘን። እምነት ጉንጭሽን ትስማለች።

ስትገቢ ግን እንባሽን ደረጃው ላይ ጨርሰሽ ግቢ። አጠገቧ ተቀመጪና እንደ ተስማማነው ዋሺያት። ታምንሻለች።

የምትወድሽ የእህትሽ ልጅ